ከእስር ቤት ደጅ ወደ ማዕድ፦ የነባር አሜሪካውያን የፈውስ ፍርድ ቤት ከምሥረታ እስከ ምረቃ

በሰሜን ካሊፎርኒያ፣ የክላማዝ ወንዝ ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ በሚገባበት አካባቢ፣ የዩሮክ ጎሳ ፍርድ ቤት አለ። ከ2007 ጀምሮ በዋና ዳኝነት የሚታወቁት አቢ አቢናንቲ በችሎት ላይ ካባ አይለብሱም፤ ከፍ ካለ የዳኛ ወንበር ይልቅ ባለጉዳዩ ካለበት ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። እኚህ ሴት በ1974 በካሊፎርኒያ የጥብቅና ፈቃድ ያገኙ የመጀመሪያዋ የነባር ሕዝቦች ተወላጅ ሴት ናቸው፤ የሕጉን ወግ ከማንም በላይ ያውቁታል። እኔ እንደምረዳው ጠረጴዛው የሚናገረው ሌላ ነገር ነው፤ ከፊታቸው ያለው ሰው የወንዛቸው ልጅ ነው፤ ነገም እዚያው ይኖራል። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጎሳዎች በሱስ ምክንያት የሚከሰስን ሰው ከማሰር ይልቅ በዳኛ ክትትል ስለሚያሳክሙበት የፈውስ ፍርድ ቤት ይህን መመሪያ ያዘጋጀሁት በአሜሪካ በነርስነት፣ በማኅበራዊ ሠራተኝነት፣ በሱስ አማካሪነትና በጥብቅና ለተሰማሩ አማርኛ አንባቢዎች ነው። እንደ ሚኒሶታና ዋሽንግተን ባሉ ስቴቶች የምንኖር ብዙዎች ነን፤ የነባር ሕዝቦች መንግሥታት ጎረቤቶቻችን ናቸው። በጎሳ ጤና ጣቢያ የሚሠራ፣ ከጎሳ አባል ጋር ትዳር የመሠረተ፣ በካውንቲ ፍርድ ቤት የሚያገለግል አለ። ሱስ ደግሞ በእነዚህ ሕዝቦች ላይ ከማንም በላይ በርትቷል። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል እንደመዘገበው፣ በ2022 በነባር አሜሪካውያንና በአላስካ ተወላጆች ዘንድ ከ100,000 ሰዎች 65ቱ ከመጠን ባለፈ ዕፅ ሞተዋል፤ ከዘር ቡድኖች ሁሉ ከፍተኛው ቁጥር ይህ ነው።

ሁለት ቃላትን አስቀድመን እናጥራ። “ጎሳ” የሚለው ቃል በእኛ አገር ሌላ ስሜት አለው። እዚህ ግን ጎሳ ማለት የራሱ ምክር ቤት፣ ሕግ፣ ፖሊስና ፍርድ ቤት ሊኖረው የሚችል መንግሥት ነው፤ በፌዴራል መንግሥት ዕውቅና ያላቸው ከ570 በላይ ናቸው። ሁለተኛው “ሽምግልና” ነው። ስለ ፈውስ ፍርድ ቤት ለሐበሻ ሲነገር መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው እርሱ ነው፤ ነገር ግን አይደለም። ሽማግሌዎች በሥራው ውስጥ አሉ፣ ዳኛው ግን የማሰር ሥልጣን ያለው ዳኛ ነው። ለተሳታፊ “ሽምግልና ነው” ብላችሁ ብታስረዱት ታሳስቱታላችሁ።

አንደኛ፦ ከቅጹ በፊት ማኅበረሰቡን ጠይቁ

የዕፅ ጉዳይ ፍርድ ቤት የሚባለው አሠራር የተጀመረው በ1989 በፍሎሪዳ፣ ማያሚ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ በሱስ ምክንያት ደጋግሞ የሚከሰሰውን ሰው ደጋግሞ ከማሰር፣ በዳኛ ቅርብ ክትትል ማሳከም። ከ1997 ጀምሮ የፌዴራል ፍትሕ መሥሪያ ቤት ጎሳዎች ይህንኑ እንዲጀምሩ መደገፍ ጀመረ። ጎሳዎቹ ግን ስሙን አልወደዱትም። ፍርድ ቤቱ በዕፁ ስም ለምን ይጠራ? በሚሄድበት መንገድ ይጠራ አሉና “ከፈውስ ወደ ጤንነት” የሚል ስም ሰጡት። በ2003 የዚህ አሠራር አሥር ዋና ዋና መሠረቶች በሰነድ ታተሙ፤ የመጀመሪያው መሠረት ስለ ሰውየው ብቻ ሳይሆን ስለ ማኅበረሰቡም ፈውስ የሚናገር ነው።

ስለዚህ ከሌላ ፍርድ ቤት የተገለበጠ መመሪያ ይዛችሁ አትጀምሩ። ሽማግሌዎችን፣ ከሱስ ያገገሙ ሰዎችን፣ የልጅ ልጅ የሚያሳድጉ አያቶችን ሰብስባችሁ ጠይቁ። ድሮ አንድ ሰው ከመንገዱ ሲወጣ ማን ነበር የሚመልሰው? “ተመለሰ” የሚባለውስ ምን ሲያደርግ ነበር? የሚሰጡት መልስ ኋላ ላይ የምረቃ መስፈርት ይሆናል። እዚህ ላይ ቁስሉ ጥልቅ መሆኑን አትዘንጉ። በ1879 በፔንስልቬንያ፣ ካርላይል ከተከፈተው ትምህርት ቤት ጀምሮ ብዙ ትውልድ ሕፃናት ከወላጆቻቸው ተነጥለው፣ ቋንቋቸውን እንዳይናገሩ ተከልክለው በአዳሪ ትምህርት ቤቶች አድገዋል። ልጅ እንዴት እንደሚያሳድጉ ከወላጅ ሊማሩ የሚገባቸው ልጆች ያንን ሳያዩ ወላጅ ሆኑ። የዛሬው ሱስ ከዚያ ተለይቶ አይታይም።

ሁለተኛ፦ ሥልጣኑ እስከ የት እንደሚደርስ ለዩ

ይህ አሰልቺ ክፍል ነው፣ ግን ካልተጠና ሁሉም ነገር ይፈርሳል። በ1978 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የጎሳ ፍርድ ቤቶች የነባር ሕዝብ ተወላጅ ያልሆነን ሰው በወንጀል መዳኘት እንደማይችሉ ወሰነ። በ2013 እና በ2022 የወጡ ሕጎች በቤት ውስጥ ጥቃትና በተወሰኑ ሌሎች ወንጀሎች ላይ በሩን በከፊል ከፍተዋል፤ ተራ የዕፅ መያዝ ክስ ግን በዚያ ውስጥ አይገባም። በ1953 የወጣው ሕዝባዊ ሕግ 280 የሚባለው አዋጅ ደግሞ ካሊፎርኒያንና ሚኒሶታን ጨምሮ በስድስት ስቴቶች፣ ጥቂት ጎሳዎች ሲቀሩ፣ በጎሳ መሬት ላይ የሚፈጸም ወንጀልን ስቴቱም እንዲዳኝ ፈቅዷል። የቅጣቱም ጣሪያ የታወቀ ነው፤ በ2010 በተሻሻለው ሕግ መሠረት ለአንድ ጥፋት እስከ 3 ዓመት እስራት መወሰን የሚቻለው ጎሳው አቅም ለሌለው ተከሳሽ ጠበቃ ካቆመ፣ በሕግ የሠለጠነ ዳኛ ካለውና ሌሎች ግዴታዎችን ካሟላ ነው። አለበለዚያ ጣሪያው 1 ዓመት ነው።

ስለዚህ የጎሳ አባል ሚስት ያለችው አንድ ሐበሻ በመጠጥ ምክንያት ቢከሰስ፣ በወንጀሉ ረገድ ጉዳዩ የሚታየው በአብዛኛው በስቴት ፍርድ ቤት ነው። የልጆቹ ጥበቃ ጉዳይ ግን በጎሳው ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል። አንድ ቤተሰብ በሁለት ችሎት ይቀርባል ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ወደሚቀጥለው ያደርሰናል።

ሦስተኛ፦ ከጎረቤት ፍርድ ቤት ጋር ተዋዋሉ

በሚኒሶታ የሊች ሌክ ኦጂብዌ ጎሳና የካስ ካውንቲ ፍርድ ቤት በ2006 አንድ ላይ ችሎት መሠረቱ። ደጋግመው ጠጥተው በማሽከርከር የተከሰሱ ሰዎች በጎሳው ዳኛና በካውንቲው ዳኛ ፊት በጋራ ይቀርቡ ጀመር። የፈረሙት ውል ሥልጣንን ሸንሽኖ የሚያከፋፍል ሳይሆን የጋራ ግብን የሚያስቀምጥ ነበር፤ ሥልጣኑን የሰጠ የለም፣ የነጠቀም የለም፣ ሁለቱም ይዘውት ጎን ለጎን ተቀመጡ። በካሊፎርኒያ የሺንግል ስፕሪንግስ የሚዎክ ጎሳና የኤል ዶራዶ ካውንቲ፣ በአላስካ ደግሞ የኬናይትዜ ጎሳና የስቴቱ ፍርድ ቤት ተመሳሳይ መንገድ ተከትለዋል።

ውሉን ስታዘጋጁ ረጅም ሰነድ ለመጻፍ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ዳኞቹ አብረው ይብሉ፣ አንዱ የሌላውን ችሎት ተቀምጦ ይይ። ከዚያ በሰነዱ ውስጥ እነዚህ ይኑሩ፦ ማን ማንን ይልካል፤ አንድ ተሳታፊ ፕሮግራሙን ካቋረጠ ክሱ ወዴት ይመለሳል፤ የምርመራ ውጤት እንዴት ይጋራል፤ ዳኞቹ ባይስማሙ ምን ይደረጋል።

አራተኛ፦ ቡድኑን አቋቁሙ

ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ተከላካይ ጠበቃ፣ አስተባባሪ፣ የአመክሮ ክትትል ሠራተኛ፣ የሱስ ሕክምና ባለሙያ፣ ፖሊስ፣ የልጆች ደኅንነት ሠራተኛ። በጎሳ ፍርድ ቤት በዚህ ላይ የባህል መምህር ወይም ሽማግሌ ይጨመራል። ሽማግሌውን ለበዓል ቀን ብቻ የምትጠሩት ከሆነ ግን ባትጨምሩት ይሻላል። በየሳምንቱ ስብሰባ ድምፅ ይኑረው፣ እንደ ሌላው ባለሙያም ይከፈለው።

በትንሽ ማኅበረሰብ አንድ ችግር አይቀርም፤ ዝምድና። አስተባባሪዋ የተሳታፊው የአክስት ልጅ ትሆናለች፣ ፖሊሱ የቀድሞ አማቹ ይሆናል። ይህን መሸሽ አይቻልም። የሚቻለው ዝምድናን አስቀድሞ በግልጽ መናገር፣ ከቅርብ ዘመድ ውሳኔ ራስን ማግለል፣ ምሥጢርን መጠበቅ ነው። የሱስ ሕክምና መረጃ በፌዴራል ደንብ በጥብቅ የተጠበቀ ነው፤ ተሳታፊው ለማን ምን እንደሚነገር በጽሑፍ ሳይፈቅድ የሕክምና ባለሙያው በስብሰባ ላይ አንዲት ቃል ማውጣት የለበትም። ቅጹን ስታስፈርሙ አንብቡለት፣ አስረዱት፣ ቅጂውን ስጡት።

አምስተኛ፦ ማን እንደሚገባ ወስኑ

እዚህ ላይ የብዙዎች ስሕተት “ተስፋ ያለውን” መምረጥ ነው። ሥራ ያለው፣ ቤተሰቡ የቆመለት፣ አንድ ጊዜ ተሳስቶ የተያዘ ሰው ይገባና ቁጥሩ ያምራል። ጥናቶች የሚያሳዩት ተቃራኒውን ነው። ይህ ከባድ ክትትል የሚጠቅመው ሱሱ የበረታበትንና ካልታገዘ ደግሞ ለመከሰስ የተቃረበውን ሰው ነው። ቀላል ችግር ያለበትን ከእነርሱ ጋር ብትቀላቅሉት ልትጎዱት ትችላላችሁ። በተፈተነ የምዘና መጠይቅ ለዩ፤ በዐይን ግምት አትለዩ።

ከምዘናው በኋላ ተሳታፊው ከጠበቃው ጋር ተማክሮ በፈቃዱ ይግባ። ምን መብት እንደሚተው፣ ስንት ጊዜ እንደሚመረመር፣ ቢያቋርጥ ምን እንደሚጠብቀው፣ ቢጨርስ ክሱ ምን እንደሚሆን በጽሑፍ ይወቅ። አንዳንድ የፌዴራል ድጋፎች የኃይል ወንጀል ታሪክ ያለበትን ሰው መቀበል ይከለክላሉ፤ ገንዘቡን ከመቀበላችሁ በፊት ማንን ደጅ እንደሚያስቀርባችሁ እዩ። ከመያዝ እስከ መግባት ያለው ጊዜ ይጠር። ሰው ልቡ የሚከፈተው በተያዘ ሰሞን ነው፣ ከሦስት ወር በኋላ አይደለም።

ስድስተኛ፦ ሕክምናውን ከመድኃኒቱም ከባህሉም አታጉድሉ

እንደ ሄሮይንና ፈንታኒል ላሉት፣ ኦፒዮይድ ለተባሉት ዕፆች ሱስ ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን የተባሉት መድኃኒቶች የሞትን አደጋ በእጅጉ ይቀንሳሉ። ሆኖም “አንዱን ሱስ በሌላ መተካት ነው” የሚል ዳኛም ዘመድም አታጡም። አትቀበሉት። የፌዴራል የዕፅ ፍርድ ቤት ድጋፍ የሚቀበል ፕሮግራም በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ስለወሰደ ብቻ ሰውን ማግለል አይችልም። ናሎክሶን የተባለውን ሕይወት አድን የአፍንጫ መርጨት ለእያንዳንዱ ተሳታፊና አብሮት ለሚኖር ሰው አስይዙ፤ ከእስር ወይም ከሕክምና ማዕከል የወጣ ሰው ሰውነቱ ዕፁን መቋቋም ስለሚቀንስ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ገዳይ ናቸው።

ከዚህ ጎን የባህሉ ሕክምና ይቆማል፦ የላብ ጎጆ ሥርዓት (በጋለ ድንጋይ እንፋሎት በሚሞቅ ጎጆ ውስጥ የሚደረግ ጸሎት)፣ ላባ የያዘው ብቻ የሚናገርበት የንግግር ክብ፣ የቋንቋ ትምህርት፣ ጀልባ መጥረብ፣ ቅርጫት መስፋት። የእኛ እናቶች ከአክርማና ከስንደዶ እንደሚሰፉት ሁሉ የዩሮክ ሴቶች ከሐዘል ቀንበጥ ይሰፋሉ፤ ቀንበጡ በወቅቱ ካልተለቀመ፣ ካልተላጠና ካልደረቀ ስፌት አይሆንም። ለወራት የሚያስጠብቅ ሥራ ነው፣ ለሱሰኛ ደግሞ መጠበቅን መማር ሕክምና ነው። ነገር ግን ሁሉም ተሳታፊ በአንድ መንገድ አያምንም። ክርስቲያን የሆነውን የላብ ጎጆ እንዲገባ አታስገድዱት፤ አማራጭ ስጡት።

ሰባተኛ፦ ምርመራው ይጽና

በመጀመሪያዎቹ ወራት ቢያንስ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ቀኑ በማይታወቅ ሁኔታ፣ ቅዳሜና እሑድንም ጨምሮ ይመርመሩ። የሽንት ናሙናው ሲሰጥ ተመሳሳይ ፆታ ያለው የሠለጠነ ሰው ይገኝ፣ በአክብሮት። ውኃ ጠጥቶ ማቅጠን የተለመደ ስለሆነ ክሬያቲኒን የተባለው፣ በሽንት ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር መጠን ይታይ፤ በዴሲሊትር ከ20 ሚሊግራም በታች ከሆነ ናሙናው የቀጠነ ነው። አልኮልን እስከ ሦስት ቀን ገደማ ወደ ኋላ የሚያሳይ የሽንት ምርመራ አለ፣ ግን የአፍ መጉመጥመጫና የእጅ ማጽጃ አልኮልም ሊያሳስተው ይችላል። ተሳታፊው ውጤቱን ከካደ፣ ቅጣት ከመወሰኑ በፊት ናሙናው ወደ ላቦራቶሪ ሄዶ በተረጋገጠ ዘዴ ይመርመር። በሐሰት ውጤት አንድ ጊዜ የተቀጣ ሰው ዳግመኛ አያምናችሁም።

ስምንተኛ፦ የችሎት ቀን

ችሎቱ ከመጀመሩ በፊት ቡድኑ ለብቻው ይሰበሰባል። የእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሳምንት ይነበባል፤ ምን ተሳካ፣ ምን ተሰናከለ፣ ምን ይደረግ። ከዚያ ሁሉም ወደ አዳራሹ ይገባል።

አንዲት እናት ናት እንበል፣ አምስት ሳምንት ሳትጠጣ ቆይታለች። ሁለት ልጆቿ አያታቸው ዘንድ ናቸው። ሰኞ ለምርመራ አልመጣችም፤ ያልተሰጠ ናሙና እንደ ተጠቀመች የሚያስቆጥር ደንብ አለ።

ዳኛዋ ይጠይቃሉ፦ “ሰኞ የት ነበርሽ?”

ዝም ትላለች። ጣቶቿን ታፍተለትላለች። “ቤት ነበርኩ። እሑድ ማታ ከእኅቴ ጋር ተጣልቼ ጠጣሁ። ብመጣ እንደምትይዙኝ ስላወቅሁ ቀረሁ።”

“ማክሰኞ ጠዋት ግን ለአስተባባሪዋ ራስሽ ደውለሻል።”

“አዎ።”

“እዚህ ስትገቢ ስልክ አታነሺም ነበር።”

እዚህ ቦታ ላይ ፍርድ ቤቱ ምን እንደሆነ ይታወቃል። መጠጣቷ ሕክምና የሚጠይቅ ነገር ነው፤ አማካሪዋ ቀጠሮዋን በሳምንት ከሁለት ወደ ሦስት ያሳድጋል። ምርመራ መቅረቷ ግን በእጇ ያለ ነገር ስለሆነ እርምት አለው፤ ለሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት በየማለዳው በአካል ትፈርማለች። እውነቱን መናገሯ ደግሞ በሰው ፊት ይመሰገናል። ከዚያ ሽማግሌዋ እጃቸውን ያነሣሉ፤ እሑድ ማታ ከባድ ከሆነባት እሑድ ማታ እርሳቸው ቤት ትምጣ፣ ቀንበጥ የሚላጥ አለ። በመዝገቡ ይጻፋል።

ከዚህ የሚወሰደው ይህ ነው። ውሸትና ማገርሸት አንድ አይደሉም፣ አንድ ዓይነት መልስም አይሰጣቸው። እርምት ቢቻል በቀናት ውስጥ ይምጣ፤ ከወር በኋላ የመጣ ቅጣት በቀል ይመስላል። እስራት የመጨረሻው ነው፤ ከሦስት እስከ ስድስት ቀን ካለፈም ጥቅሙ ይቀንሳል። ማበረታቻው ከእርምቱ ይብዛ፣ ለአንድ እርምት አራት ያህል ቢሆን መልካም ነው፦ ጭብጨባ፣ የነዳጅ ካርድ፣ የቀነሰ ቀጠሮ፣ በስሙ የተጠራ ውዳሴ። ዳኛው ከእያንዳንዱ ሰው ጋር ቢያንስ ሦስት ደቂቃ ይነጋገር፤ ትንሽ ጊዜ ቢመስልም በውጤቱ ላይ ልዩነት እንደሚያመጣ በጥናት ታይቷል። ተሳታፊውም በፕሮግራሙ የመጀመሪያ ምዕራፍ በየሁለት ሳምንቱ ይቅረብ።

ዘጠነኛ፦ የልጆቹን ሰዓት አትርሱ

የቤተሰብ ጉዳይ የሚያዩ የፈውስ ፍርድ ቤቶች ከሁሉ የከበደውን ሸክም ይሸከማሉ። በ1997 የወጣ የፌዴራል ሕግ፣ ልጅ ካለፉት 22 ወራት 15ቱን በመንግሥት ጥበቃ ሥር ከቆየ ስቴቱ የወላጅነት መብት እንዲቋረጥ አቤቱታ ማቅረብ እንዳለበት ይደነግጋል። ከሱስ መውጣት ግን ወጣ ገባ ነው፤ ያገረሻል፣ ይነሣል። ሁለቱ ሰዓቶች አይገጥሙም። ሕጉ ራሱ ግን ቀዳዳ አለው፦ ልጁ ዘመድ ዘንድ ካለ፣ ወይም ወላጁ የሚገባው አገልግሎት ካልተሰጠው፣ ስቴቱ አቤቱታውን ላያቀርብ ይችላል። ስለዚህ ልጆቹ የተወሰዱ ዕለት፣ በዚያው ዕለት፣ አያትና አክስት ፈልጉ።

በ1978 የወጣው የነባር ሕዝቦች ልጆች ደኅንነት ሕግ ከዚህ በላይ ኃይል ይሰጣል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2023 አጽንቶታል። በስቴት ፍርድ ቤት ያለ ጉዳይ በወላጁ ወይም በጎሳው ጥያቄ ወደ ጎሳ ፍርድ ቤት ሊዛወር ይችላል፤ ከወላጆቹ አንዱ ከተቃወመ ግን አይዛወርም። ልጁ በጉዳዩ ውስጥ “የጎሳ ልጅ” የሚባለው ራሱ አባል ከሆነ፣ ወይም አባል ለመሆን የሚበቃና የአባል የአብራክ ልጅ ከሆነ ነው። አባት ወይም እናት ሐበሻ መሆኑ ይህን አያስቀረውም። የሐበሻ ወላጅ ዳኛውን ሲፈራ “ባዕድ ፍርድ ቤት ነው” ብሎ ዝውውሩን ይቃወማል፤ ከመቃወሙ በፊት አንድ ነገር ይወቅ። ብዙ ጎሳዎች የወላጅነትን መብት ፈጽሞ ማቋረጥን ከባህላቸው ጋር የሚጋጭ አድርገው ያዩታል፤ ልጁን ለዘመድ ሰጥተው ወላጁን ወላጅ እንደሆነ የሚያቆዩበት ባህላዊ ጉዲፈቻ አላቸው።

ወላጁ መጠጥ ባገረሸበት ቁጥር ልጁን እንዳያይ በመከልከል አትቅጡት። የጉብኝት ቀን የልጁ ነው፤ ደኅንነቱ ካልተጋፋ በቀር ሽልማትም ቅጣትም አይሁን።

አሥረኛ፦ ምረቃና ከምረቃ ማግሥት

ፕሮግራሙ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ይወስዳል። ለምረቃ ቢያንስ 90 ቀን ከዕፅ ነጻ መሆን፣ የመኖሪያ ቦታ፣ ሥራ ወይም ትምህርት፣ በመጀመሪያው ደረጃ ሽማግሌዎች የሰጧችሁ መስፈርትም ይሟላ፦ ምናልባት የዘር ሐረጉን በራሱ ቋንቋ መቁጠር፣ ምናልባት የበደለውን ቤተሰብ ሄዶ ይቅርታ መጠየቅ። በምረቃው ቀን ዘመድ ይጠራ፣ ይበላ፣ ብርድ ልብስ በትከሻው ይደረብለት።

ከምረቃ በኋላ ያለው ሰኞ ግን አስቀድሞ ይታሰብበት። ችሎት የለም፣ ምርመራ የለም፣ ስሙን የሚጠራ ዳኛም የለም። በዚያ ሰኞ የሚደውልለት ሰው ከወር በፊት ይመረጥ፤ ከቀደሙት ተመራቂዎች አንዱ ቢሆን ይመረጣል። ስልክ ቁጥሩ በወረቀት ተጽፎ ይሰጠው፣ ደዋዩም ማክሰኞ ጠዋት “ደወልኩ፣ አነሣ” ብሎ ለአስተባባሪዋ ይንገር።